የጋሽ ሰይድ ፔንሲዮን ዋይፋይ፦ የሥራ ማስታወሻ ከደሴ

ቦታው ደሴ ነው፤ ቧንቧ ውሃ ከሚባለው ሰፈር ብዙም አይርቅም። ቤቱ የአጎቴ የጋሽ ሰይድ ፔንሲዮን ነው። ከፊት አንድ ፎቅ ያለው የብሎኬት ሕንፃ አለ። ግቢውን ተሻግሮ ከኋላ ደግሞ ድሮ ቤተሰቡ ይኖርበት የነበረው የጭቃ ቤት፣ አሁን በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ ይከራያል። ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። እንግዶቹ አብዛኞቹ ሹፌሮች ናቸው። ወደ ወልድያና ወደ ላሊበላ የሚያልፍ መንገደኛም ያድርበታል።

ቅሬታው ከሁሉም ዘንድ ያው ነው፦ ዋይፋዩ አይሠራም። ጠጋ ብለህ ስትጠይቅ ግን ይለያያል። የኋላ ክፍሎች «ይይዛል ግን አይከፍትም» ይላሉ። ፎቅ ላይ ያሉት «ማታ ማታ ይጎተታል» ይላሉ። ከታች ፊት ለፊት ያሉት ደህና ናቸው። ጋሽ ሰይድ መፍትሔውን ቆርጠዋል። «ከ20 ሜጋ ወደ 50 ላሳድገው ነው፤ ሰው ሁሉ ሰለቸኝ» አሉኝ። «ትንሽ ይታገሡኝ፣ መጀመሪያ የት እንደሚጠፋ ልይ» አልኳቸው። «አብሽር፣ እይ» አሉና የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ሰጡኝ። አዎ፣ ራውተሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። እሱ ላይ እመለሳለሁ።

ይህን ማስታወሻ ስይዝ በየመንገዱ የሚመጡትን ቃላት እያብራራሁ ነው። ራውተር ከፍቶ ሴቲንግ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ ያያቸዋል፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ አይቶ ይዘጋዋል።

ቅዳሜ ጠዋት

መጀመሪያ ዋይፋዩን ተውኩት። ላፕቶፔን በኬብል ራውተሩ ላይ ሰካሁና ፍጥነቱን ለካሁ። 19 ሜጋ አካባቢ። ቆይቼ ደገምኩት፣ ያው ነው። የሚከፈልበት 20 ነው። ስለዚህ ከውጭ የሚገባው መስመር ጤነኛ ነው።

ብዙ ሰው ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ ይመስሉታል። ዋይፋይ ከስልክህ እስከ ራውተሩ ያለችው መንገድ ብቻ ናት። ኢንተርኔት ከራውተሩ ወዲያ ያለው ነው። የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ምንም ላይከፍት ይችላል። ኢንተርኔቱ ደህና ሆኖ ደግሞ ዋይፋዩ ሊያንቀው ይችላል። ሁለቱን ሳይለዩ ፓኬጅ ማሳደግ ብር መጣል ነው።

የአጎቴ ልጅ ሀያት ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። «20 ሜጋ ከሆነ 100 ሜጋ ፋይል በ5 ሰከንድ መውረድ አልነበረበትም?» አለችኝ። ጥያቄዋ ልክ ነው፣ ሜጋው ነው የተለያየው። የመስመር ፍጥነት የሚለካው በሜጋ ቢት ነው። ፋይል የሚለካው በሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ 20 ሜጋ መስመር በሰከንድ ቢበዛ 2.5 ሜጋ ባይት ያወርዳል። የእሷ ፋይል ሁሉ ነገር ቢሰምር 40 ሰከንድ ይፈጃል።

ቀጥዬ ፒንግ አደረግኩ። ፒንግ ትንሽ ጥያቄ ልኮ መልሱ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ መቁጠር ነው። ጊዜው ሌተንሲ ይባላል። ፍጥነት በሰከንድ ስንት ይገባል ነው፤ ሌተንሲ ደግሞ መልሱ ስንት ያስጠብቃል ነው። በቪዲዮ ጥሪ ሰው የሚነጫነጨው በብዛት በሁለተኛው ነው። በኬብል ወደ ራውተሩ ስልከው ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ይመልሳል። ወደ 8.8.8.8፣ ማለትም ውጭ ወዳለው የጎግል አገልጋይ ስልከውም ሳይቆራረጥ ይመልሳል። አሁን ልቤ አረፈ። ችግሩ አየር ላይ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት

ስልኬን ይዤ ግቢውን ዞርኩ። ስልክ ላይ ያሉት የዋይፋይ መስመሮች ለዚህ ሥራ አይረዱም፤ እያንዳንዱ አምራች በራሱ ልክ ነው የሚሥላቸው። የሚያስፈልገው ቁጥር ነው። ዋይፋይ አናላይዘር የሚባል ዓይነት አፕ አንድሮይድ ላይ ጫን፣ ቁጥሩን ያሳይሃል።

ቁጥሩ በዲቢኤም ነው፣ የምልክት ኃይል መለኪያ ነው። እዚህ ሥራ ላይ ሁሌ ከዜሮ በታች ነው የምታገኘው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይጠነክራል። −30 ማለት ራውተሩ ሥር ቆመሃል ማለት ነው። እስከ −67 ድረስ የቪዲዮ ጥሪም ደህና ይሄዳል። −70ን ሲያልፍ መንቀርፈፍ ይጀምራል። −80 ላይ ይይዛል እንጂ አይከፍትም። አንድ ነገር ልብ በል፤ ቁጥሩ በመደመር የሚሄድ አይደለም። 3 በወረደ ቁጥር ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። 10 ሲወርድ አንድ አሥረኛ ይሆናል። ከ−60 ወደ −80 መውረድ መቶ እጥፍ መዳከም ነው።

ያገኘሁት ይህ ነው። ፎቅ ላይ ከ−66 እስከ −73። ኋላ ቤት የመጀመሪያው ክፍል −79፣ መሐሉ −84። የመጨረሻው ክፍል ውስጥ ስሙም አይታይም። እንግዳ መቀበያው ላይ፣ ከራውተሩ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ደግሞ −53።

ይኼኛው ነው ያስደነገጠኝ። ሁለት እርምጃ ላይ −53 አይሆንም። ራውተሩ ግን ላሜራ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ ከነቁልፉ። «እንዳይሰረቅ ነዋ» አሉ ጋሽ ሰይድ። ብረት የሬዲዮ ሞገድን ይመልሰዋል። ከሳጥኑ የሚወጣው በስንጥቁ የሾለከው ብቻ ነው። የኋላው ቤት እስኪደርስ ምን ይተርፈዋል?

አንድ የቆየ እምነትም እዚሁ ተነሣ። አንዱ ሹፌር «የራውተሩን ኃይል ጨምረውና ይለቅ» አለኝ። ራውተሩ ብቻውን አይደለም የሚናገረው። ስልኩም ይመልሳል። የስልክ አስተላላፊ ከራውተር ያነሰ ኃይል ነው ያለው፣ ባትሪ ይቆጥባላ። ራውተሩን ብታስጮኸው ስልኩ ይሰማዋል፤ ራውተሩ ግን ስልኩን አይሰማውም። ምልክቱ ሙሉ ሆኖ የማይከፍተው አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።

ቅዳሜ ማታ

ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ክፍሎቹ ሲሞሉ፣ አፑን እንደገና ከፈትኩ። ሰፈሩ ሁሉ ዋይፋይ አለው። ካፌው፣ ፋርማሲው፣ ጎረቤቱ። ሁሉም አንድ ላይ ታፍገዋል።

ባንድና ቻናልን እዚህ ላይ ማስረዳት ይሻላል። ባንድ የሞገድ ክልል ነው። የቤት ራውተር በብዛት በሁለት ባንድ ይሠራል፦ 2.4 ጊጋኸርዝና 5 ጊጋኸርዝ። የ2.4ቱ ሞገድ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ርዝመት አለው፤ የ5ቱ 6 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። 2.4 ሩቅ ይደርሳል፣ ግድግዳ በማለፍም ይሻላል። ግን ጠባብ ነው። ብሉቱዝም፣ ማይክሮዌቭ ምድጃም እዚያው ናቸው። 5 ሰፊ ነው፣ ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ሲያገኝ ግን ቶሎ ይደክማል። ያለ ግድግዳ እንኳ በእኩል ርቀት ከ2.4 በ6 ወይም በ7 ዲቢ ያህል ያንሳል፤ ዲቢ የሁለት ዲቢኤም ቁጥሮች ልዩነት ነው።

እያንዳንዱ ባንድ በቻናል ይከፋፈላል። በ2.4 ላይ የቻናሎቹ ቁጥር ብዙ ይመስላል። ቁጥሮቹ ግን የሚራራቁት በ5 ሜጋኸርዝ ነው፤ አንድ ዋይፋይ የሚፈልገው 20 ነው። ስለዚህ እርስ በርስ የማይነካኩት ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11።

አንድ ቻናል እንደ ቅሬ (እድር) ስብሰባ ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ ተራ ይጠብቃል። በአንድ ቻናል ላይ ያሉ ሁለት ራውተሮች ይሰማማሉ፣ ተራ ይጠባበቃሉ። ይዘገያል እንጂ ይሄዳል። የጋሽ ሰይድ ራውተር ግን ቻናል 3 ላይ ነበር። ከ1ም ከ6ም ጋር ይደራረባል፤ ከሁለቱም ጋር ግን በደንብ አይሰማማም። ለሁለቱም ስብሰባ ረባሽ ነው። እነሱም ለእሱ።

ወደ 11 ቀየርኩት፤ እዚያ ላይ አንድ ደካማ ጎረቤት ብቻ ነበር። ወርዱንም ከ40 ሜጋኸርዝ ወደ 20 አወረድኩት። ይህ ለብዙ ሰው ግራ ነው፤ ሰፊ ከሆነ ፈጣን አይደል? ባዶ ሜዳ ላይ አዎ። በተጨናነቀ ሰፈር በ2.4 ላይ 40 መያዝ የራስህን ጠላት ማብዛት ነው። በ5 ጊጋ ላይ 80 ይሁን ብዬ ተውኩት፤ እዚያ ሰፈሩ ገና ሰፊ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ተራው በጊዜ ነው የሚቆጠረው። −82 ላይ ያለ ስልክ ያቺኑ መልእክት ለመላክ አጠገብ ካለው ስልክ ብዙ እጥፍ ጊዜ ይወስዳል፣ ምክንያቱም ስህተት እንዳይበዛበት ቀስ ብሎ ነው የሚልከው። ያ ሁሉ ጊዜ ከሌሎቹ ተራ የተቀነሰ ነው። ስለዚህ የኋላ ክፍል እንግዳ ሲጨነቅ የፊተኛውም ይጎተታል። ፎቅ ላይ ያሉት «ማታ ማታ» ያሉት ግማሹ እዚህ ላይ ነው።

እሁድ

ራውተሩን ከቁም ሳጥኑ አወጣሁት። ጋሽ ሰይድ ትንሽ አንገራገሩ። ስለ ሌባው ከሆነ ኮሪደሩ ላይ ከሰው ቁመት በላይ በብሎን ይታሰር ተባባልን። ሆነ። እንግዳ መቀበያው ላይ −53 የነበረው −37 ሆነ። ፎቅ ላይ መጥፎው ክፍል −62። አንድ ሳንቲም ሳይወጣ።

አንቴናዎቹን በተመለከተ። ተራ የዱላ አንቴና ሞገዱን ወደ ጎኑ ዙሪያውን ነው የሚያሰራጨው፤ ወደ ጫፉ አቅጣጫ እምብዛም አይልክም። ቀጥ ብሎ ከቆመ ያው ፎቅ ላይ ያለውን በደንብ ያገለግላል፤ ከራሱ በላይ ያለውን ይበድላል። ሁለት ስለነበሩ አንዱን አቆምኩ፣ አንዱን አጋደምኩ። ለአንድ ፎቅ ቤት ይበቃል።

የአንቴና አቅም በዲቢአይ ይጻፋል። ቁጥሩ ሲበዛ አንቴናው አዲስ ኃይል አያመነጭም። ያለውን ከአንድ በኩል ቀንሶ ወደ ሌላው ይሰበስባል። 9 ዲቢአይ ብሎ የተጻፈበት ረጅም ዱላ ገዝቶ ላዩ ላይ ያለው ክፍል የባሰበት ሰው የተበደለ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ሰኞ

ለኋላ ቤት ዕቃ ለመግዛት ወጣሁ። ዕቃ ሻጩ ገና ሳልጨርስለት ሪፒተር አቀረበልኝ። «ሶኬት ላይ ትሰካዋለህ፣ አለቀ።» እውነቱን ነው፣ ቀላል ነው። እኔ ግን አልወደውም። ሪፒተር ከራውተሩ የሰማውን ደግሞ ይናገራል። አንድ ሬዲዮ ብቻ ካለው ሲሰማ አይናገርም፣ ሲናገር አይሰማም፤ ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ደግሞ የሚሰካው የት ነው? ኋላ ቤት ከሆነ −79 ነው የሚሰማው፤ ያንኑ የሞተ ነገር ነው በጉልበት የሚደግመው። ሜሽ የሚባለው ከዚህ የተሻለ ነው፤ ዕቃዎቹ እርስ በርስ ተስማምተው ይሠራሉ፣ አንዳንዱም ለመሐላቸው ብቻ የተለየ ሬዲዮ አለው። ግን ኬብል መሳብ በሚቻልበት ግቢ ኬብልን የሚያህል የለም።

ስለዚህ አክሰስ ፖይንት ነው የገዛሁት። አክሰስ ፖይንት ኬብሉን ወደ ዋይፋይ የሚቀይር ዕቃ ነው። የቤት ራውተር የምንለው ሳጥን ውስጥም አንድ አለ፤ ራውተር፣ ማከፋፈያና አክሰስ ፖይንት በአንድ ላይ የታሸጉበት ነው።

ሳጥኑ ላይ 1200 ተብሎ ተጽፏል። ይህን ቁጥር ማንም በስልኩ አያየውም። በ2.4 ላይ 300፣ በ5 ላይ 867፣ ተደምሮ ተጠጋግቶ ነው። ስልክ ደግሞ በአንድ ጊዜ በአንዱ ባንድ ብቻ ነው የሚያያዘው። ያም ቢሆን ቁጥሩ የአየሩ ፍጥነት ነው፤ ተራ ጥበቃው፣ ማረጋገጫው ሲቀነስ የሚተርፈው ግማሹ ገደማ ነው። 20 ሜጋ መስመር ላለው ፔንሲዮን ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ዋይፋይ 4፣ 5፣ 6 የሚለው ደግሞ የትውልድ ቁጥር ነው። አራተኛው በ2009 የወጣው 802.11ኤን ነው (እዚህ ማስታወሻ ላይ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አምስተኛው የ2013ቱ 802.11ኤሲ። ስድስተኛው 802.11ኤኤክስ፣ በ2021 የጸደቀው። አዲሱ አሮጌ ስልክን አይከለክልም፤ አሮጌው ስልክ ግን በራሱ ፍጥነት ነው የሚሄደው። የስድስተኛው ትልቁ ጥቅም በአንድ ተራ ለብዙ ስልክ አከፋፍሎ መላክ መቻሉ ነው። የጋሽ ሰይድ እንግዶች ስልክ አብዛኛው አራትና አምስት ስለሆነ አምስተኛውን ወሰድኩ።

ኬብሉ ላይ ግን አልሰሰትኩም። ገበያው ላይ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ሽቦ ሞልቷል፤ ርካሽ ነው። ጫፉን በምላጭ ፋቅ ስታደርገው ውስጡ ነጭ ከሆነ ተወው። ለዳታ ቢሠራም ኤሌክትሪክ ሲላክበት ይሞቃል፣ ኃይልም ያባክናል። እኔ ደግሞ ኤሌክትሪክ ልልክበት ነው። ፒኦኢ ይባላል፦ በዚያው የኔትወርክ ኬብል ላይ ዳታውም ኃይሉም አብሮ ይሄዳል። ኋላ ቤት በረንዳ ላይ ሶኬት መትከል ቀረልኝ። በ2003 የወጣው መጀመሪያው ስታንዳርድ ከላኪው በኩል እስከ 15.4 ዋት ይሰጣል፤ ርቀቱ እስከ 100 ሜትር ነው። ግቢው ለዚህ ግማሹንም አይሞላም። አንዳንድ ርካሽ ዕቃ ግን ሳይጠይቅ 24 ቮልት የሚለቅ የራሱ ዓይነት ፒኦኢ አለው። ከሌላ ዕቃ ጋር አታቀላቅለው፣ ያቃጥላል።

ኬብሉን በፕላስቲክ ቱቦ አድርጌ ቀበርኩት። እትዬ ዘይነባ ቡና አፍልተው ጠሩኝ። አቦሉን ጠጥቼ ተነሣሁ፤ «በረካውን ሳትጠጣ?» ብለው አስቀመጡኝ። ሥራው እንዲህ ነው የሚሄደው።

አክሰስ ፖይንቱን ክፍል ውስጥ አላስገባሁትም። የጭቃ ግድግዳው ወፍራም ነው፤ በክረምት እርጥበት ሲይዝ ደግሞ ይብሳል፣ ውሃ ሞገድ ይውጣል። ክፍሎቹ ግን በሙሉ ወደ በረንዳው ይከፈታሉ፤ ከመጨረሻው ክፍል በር በቀር በራቸውና መስኮታቸው እንጨት ነው። በረንዳው መሐል ላይ ሰቀልኩት። ሞገዱ በግድግዳ ሳይሆን በበር ይግባ። ከ−55 እስከ −64 ተገኘ። የመጨረሻው ክፍል −71።

ማክሰኞ

ስም ቀየርኩ። ኤስኤስአይዲ የሚባለው የዋይፋዩ ስም ነው፣ ስልክህ ላይ ተዘርዝሮ የምታየው። እስካሁን ራውተሩ አንድ ስም፣ አዲሱ አክሰስ ፖይንት ሌላ ስም ነበረው። ሁሉንም አንድ ስምና አንድ ፓስወርድ አደረግኳቸው፤ ቻናላቸውን ግን ለያየሁ። አሁን እንግዳው ከግቢ ወደ ክፍሉ ሲሄድ ስልኩ ራሱ ወደ ቀረበው ይዛወራል። ሮሚንግ ይሉታል። ወሳኙ ስልኩ ነው፣ ራውተሩ አይደለም። አንዳንድ ስልክ ግትር ነው፤ −80 እስኪደርስ የያዘውን አይለቅም።

የኋላዎቹ «ይይዛል ግን አይከፍትም» ያሉት ግን አሁንም ለአንዳንዱ ቀጠለ። ምልክቱ −58፣ ኢንተርኔት የለም። የአንዱን ስልክ ዝርዝር ከፈትኩ። አይፒ አድራሻው 192.168.0.104 ይላል። ዋናው ራውተር የሚያድለው ግን 192.168.1 ብሎ የሚጀምር ነው። ሌላ አዳይ አለ ማለት ነው።

አዳዩ ዲኤችሲፒ ይባላል። ስልክ ሲገባ አድራሻ የሚሰጠው፣ የመውጫ በሩንም የሚነግረው እሱ ነው። በአንድ ኔትወርክ ላይ አንድ ብቻ መሆን አለበት። ሁለት ከሆኑ ቀድሞ የመለሰው ያሸንፋል። ፎቅ ላይ ወጥቼ ፈለግኩ። ከመጋረጃ ጀርባ፣ ከዚህ በፊት የሠራ ሰው ሰክቶት የሄደ አሮጌ ራውተር ተገኘ። አድራሻ ያድላል፣ መውጫ በሩ እኔ ነኝ ይላል፣ ኢንተርኔት ግን የለውም። ነቀልኩት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ የኋላ ቤት ቅሬታ ጸጥ አለ።

እግረ መንገዴን ዋናውን አየሁ። 50 አድራሻ ብቻ እንዲያድል ተደርጓል፤ አንዴ የሰጠውን ለ24 ሰዓት ይይዛል። ፔንሲዮን ውስጥ ሰው በየቀኑ ይቀየራል። ትናንት የሄደው እንግዳ አድራሻውን ይዞ ሄዷል ማለት ነው። ወደ 200 አሳደግኩት፣ ጊዜውን 2 ሰዓት አደረግኩት። ስልክህ 169.254 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ካሳየህ ማንም አልሰጠውም፣ ራሱ ነው የፈጠረው።

ሐሙስ

ጋሽ ሰይድ የሚኖሩት ከሸለቆው ማዶ ባለው ዳገት ላይ ነው፤ 300 ሜትር ገደማ ይሆናል። የፔንሲዮኑን ካሜራ ከቤታቸው ሆነው ማየት ይፈልጋሉ። ኬብል አይታሰብም። ብሪጅ ነው የሚያስፈልገው፦ ሁለት አንቴና ፊት ለፊት ተያይተው እንደ ኬብል ሆነው ያገለግላሉ። ነጥብ ለነጥብም ይባላል።

ደሴ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት። አንዱ ዳገት ላይ ቆመህ የማዶውን ቆርቆሮ ትቆጥራለህ። ግን መተያየት ብቻ አይበቃም። ሞገዱ እንደ ክር አይሄድም፤ መሐሉ ላይ ይወፍራል። ይህ ወፍራም ቦታ ፍሬኔል ዞን ይባላል። ለ300 ሜትር በ5 ጊጋ መሐሉ ላይ ሬዲየሱ 2 ሜትር ያህል ነው። ከዚህ ቢያንስ 60 በመቶው ነፃ መሆን አለበት። መንገዱ መሐል የባሕር ዛፍ ጫፍ ነበረ። ከጣሪያው ላይ ስታይ ከመስመሩ በታች ነው፣ አይጋርድም። ስንለካው ግን ከአንድ ሜትር ባነሰ ይጠጋል። ባለቤቱን አስፈቅደን ቅርንጫፉን አስቆረጥን፤ የማዶውን ብረት ደግሞ አንድ ሜትር አስረዘምነው።

ሂሳቡን ቀድሜ ሠርቼ ነበር። አስተላላፊው 20 ዲቢኤም፣ ሁለቱ አንቴናዎች እያንዳንዳቸው 13 ዲቢአይ፣ አየሩ በዚህ ርቀት የሚበላው 97 ዲቢ። ተደምሮ ተቀንሶ −51። ከተሰቀለ በኋላ መጀመሪያ −66 ነበር። ሀያት ማዶ ጣሪያ ላይ ሆና በስልክ እያወራን አንቴናውን በጥቂት በጥቂቱ አዞረችው። −54 ላይ ቆምን። ሂሳብና ጣሪያ በ3 ዲቢ ከተለያዩ ደግ ነው።

ቻናል ስቀይር አንዱ ቀጥ ብሎ ዝም አለ። ይህ ብልሽት አይደለም። ከ5 ጊጋ ቻናሎች አንዳንዱን ራዳርም ይጠቀምበታል፤ ዕቃው ከመናገሩ በፊት 60 ሰከንድ ማዳመጥ ግዴታው ነው። ዲኤፍኤስ ይባላል። ሴቲንጉ ውስጥ አገር የሚለውንም በትክክል ሙላ፤ የተፈቀደው ቻናልና ኃይል በእሱ ነው የሚወሰነው።

ስንጨርስ ጉም ወረደ፤ የጦሳ ተራራ ጠፋ። ጋሽ ሰይድ «በቃ፣ አሁን ይቆራረጣል» አሉ። ሰው ሁሉ እንዲህ ያስባል፣ ምክንያትም አለው፦ የቴሌቪዥን ዲሽ በዝናብ ሲቆራረጥ አይቷል። ዲሹ የሚሠራው ግን በ11 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው፣ መንገዱም ሰማይ ድረስ ነው። በ5 ጊጋ፣ በ300 ሜትር ላይ ጉም ቁጥሩን አይነካውም ቢባል ይቀላል። ቁጥሩን አሳየኋቸው፤ −54። «ወላሂ ተአምር ነው» አሉ። ጉም ሳይሆን ውሃ የያዘ ቅጠል ነው የሚያስፈራኝ። ክረምት ሲገባ ያንን ባሕር ዛፍ እንደገና ማየት አለብኝ። የብረቱን ምሰሶ ደግሞ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር በሽቦ አያያዝኩት፤ የዚህ አገር መብረቅ ቀልድ አያውቅም።

አርብ

የፓስወርድ ቀን። የራውተሩ መግቢያ ፓስወርድ ከፋብሪካው የመጣው ነበር። ይህ ከዋይፋዩ ፓስወርድ የተለየ ነው፤ ይህን ያገኘ እንግዳ ቤቱን ሁሉ ይቀይረዋል። ቀየርኩት። የዋይፋዩ ጥበቃ ዳብሊውፒኤ2 ሆነ። የ2018ቱ ዳብሊውፒኤ3 የተሻለ ነው፣ ሁሉም ስልክ ግን አያውቀውም። ዌፕ የሚል ምርጫ ካየህ እለፈው፤ በ2001 ነው የተሰበረው። በቁልፍ ጫን ብሎ የሚያገናኘውን ዳብሊውፒኤስ አጠፋሁት፤ ባለ ስምንት አኃዝ ፒኑ በቀላሉ እንደሚገመት በ2011 ታውቋል።

ለእንግዶች የተለየ ኔትወርክ ከፈትኩ። እንግዳው ኢንተርኔት ያገኛል፤ ካሜራውን፣ የሒሳብ ኮምፒውተሩን፣ የሌላውን እንግዳ ስልክ አያይም። ለእኔ ከሁሉም አስፈላጊው ይኼ ነበር።

ጋሽ ሰይድ ሌላ ሐሳብ ነበራቸው፦ በማክ አድራሻ መዝግቦ የከፈለውን ብቻ ማስገባት። ማክ አድራሻ የእያንዳንዱ ዕቃ መለያ ቁጥር ነው። ድሮ ያስኬድ ነበር። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ግን ስልኮች ለየዋይፋዩ የፈጠራ ቁጥር ነው የሚሰጡት። መዝገቡን መያዝ ድካም ነው። ተውት አልኳቸው፣ ተዉት።

በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ስልክ 4 ሜጋ ጣሪያ አበጀሁ። አንድ ጥራቱ ከፍ ያለ ቪዲዮ 5 ሜጋ ገደማ ይበላል። አራት ሰው እንዲህ ቢያይ 20ው አለቀ። በ4 ግን ቪዲዮው ጥራቱን ትንሽ ቀንሶ ይሄዳል፣ ሌላውም ይተነፍሳል። መብራት ሲጠፋ እንዳይጠፋ ደግሞ ለፋይበሩ ሳጥንና ለራውተሩ ትንሿን 12 ቮልት ዩፒኤስ፣ ማለትም የባትሪ ሳጥን፣ አስገባሁ። የኋላው አክሰስ ፖይንትም ኃይሉን በኬብል ከዚያው ስለሚያገኝ አብሮ ይቆያል።

ቅዳሜ ማታ፣ ክፍል ሁሉ ሞልቶ

ከኋላ ቤት ሆኜ ወደ ራውተሩ ፒንግ አደረግኩ፦ ከ2 እስከ 6 ሚሊሰከንድ፣ የጠፋ የለም። ወደ ውጭም ደህና ነው። የራውተሩ ግራፍ ላይ ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ 20ው ጣሪያውን ይነካል። ይህ አሁን እውነተኛ የመስመር ጥበት ነው። ጋሽ ሰይድ 50ውን ቢገዙ አሁን አልቃወምም፤ የገዙት ክፍሉ ድረስ ይደርሳል። እሳቸው ግን እስከ ወር መጨረሻ ግራፉን እናየዋለን አሉ።

የመጨረሻዋ ክፍል ገና −71 ላይ ናት። የእሷ ብቻ በሯ ላሜራ ነው። አናጺ ተጠርቷል። እስከዚያ ጋሽ ሰይድ ክፍሏን ሌሊት ለሚነሡ ሹፌሮች ነው የሚሰጧት፤ ገብተው ይተኛሉ፣ ዋይፋይ የሚጠይቅ የለም።